ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ቤት እሳትና ስለ ማጥፊያው መሣሪያ ልምምድ

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው የተናገሩት ቃል ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው በጠብና በዕርቅ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች ሲቀያየሙ ነገሩ ሳይሰፋ ሽማግሌ ገብቶ ያበርደው ዘንድ እንጠቅሰዋለን። የምሳሌው ሥር ግን ምድጃ ነው። እሳት ገና ትንሽ ሳለ እርጥብ ቅጠል የያዘ አንድ ሰው ያጠፋዋል፤ ጣራ ከያዘ በኋላ ግን የሰፈር ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ አይበቃውም። በዛሬው ገጻችን ልንነጋገር ያሰብነው ይህንኑ ምሳሌ ወደ ቤቱ መልሰን፥ በእርጥቡ ቅጠል ፈንታ ዛሬ በየግድግዳው ስለ ተሰቀለው ቀይ ዕቃ፥ ይልቁንም ያንን ዕቃ ስለሚይዘው እጅ ነው።

በዛሬ ጊዜ በብዙ መሥሪያ ቤትና በብዙ መኖሪያ ቤት የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ ይገኛል። ባለቤቱ ገንዘቡን ከፍሎ ይገዛዋል፥ በግድግዳ ላይም ያሰቅለዋል፤ ከዚያ ወዲያ የእሳት ነገር ያለቀለት ይመስለዋል። ነገር ግን ጠመንጃ በግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለ ቤቱ ተኳሽ አለው እንደማይባል፥ መሣሪያው ስላለ ብቻ ቤቱ ከእሳት ተጠብቋል አይባልም። ክብደቱን በእጁ ያልመዘነ፥ ድምፁንም ሰምቶ የማያውቅ ሰው፥ እሳት በተነሣባት ሰዓት በዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቤ ልማር ቢል፥ እርሱ ሁለተኛውን መስመር ሳይጨርስ እሳቱ መጋረጃውን ይጨርሳል።

ከዚህ የሚብስ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። መሣሪያውን የገዛው ሰውና እሳቱ ሲነሣ በአጠገቡ የሚገኘው ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ አይደሉም። የቤቱ ጌታ በመሥሪያ ቤት፥ እመቤቲቱ በገበያ ወይም በለቅሶ ቤት ሳሉ፥ በምድጃው ዳር የምትቆመው ወጥ ሠሪዋ ናት፤ ከሕፃናቱ ጋር የምትውለው ሞግዚቲቱ ናት፤ ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድረውም ዘበኛው ነው። ትምህርቱ ለጌታው ብቻ ተሰጥቶ ቢቀር፥ ቅጠሉ ያለው በአንድ ሰው እጅ፥ እሳቱ ያለው በሌላው ሰው ፊት ሆነ ማለት ነው።

እሳት ከትንሽ ነገር ስለ መነሣቱ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1666 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር መጀመሪያ፥ በሎንዶን ከተማ ፑዲንግ ሌን በሚባል መንገድ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሣ እሳት አራት ቀን ያህል ነድዶ 13,200 ቤቶችንና 87 አብያተ ክርስቲያናትን፥ ከእነርሱም ጋር ታላቁን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠፋ። በአገራችንም በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመርካቶ፥ ሸማ ተራ በሚባለው ስፍራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ሱቅና የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት አመድ አድርጎታል። ታላቁ ቃጠሎ ሁሉ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ትንሽ ነበረ። የቤት ሰው ኀይል የሚበቃው ለዚያች ለመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው።

የጥንት ሊቃውንት እሳትን ከአራቱ ባሕርያት አንዱ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። የዛሬዎቹ የተፈጥሮ ዐዋቂዎች ግን እሳት የሚሆነው የሚነድ ነገርና በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በሙቀት ምክንያት ሲዋሐዱ ነው ብለው ያስረዳሉ። ይህንንም በምድጃችን ምሳሌ ለመረዳት ቀላል ነው። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ እንደሚቆም፥ እሳትም በሦስት ነገር ላይ ይቆማል፤ እነርሱም የሚነደው ነገር፥ ሙቀቱና አየሩ ናቸው። ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ቢወጣ ድስቱ እንደሚወድቅ፥ ከሦስቱም አንዱን ያስወገደ ሰው እሳቱን ጣለው። ውሃ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ክዳን አየሩን ይከለክላል፤ የጋዙን ቧንቧ መዝጋት የሚነደውን ነገር ይነሣዋል። የማጥፊያ መሣሪያ ሁሉ ጥበብ ከዚህ አይወጣም።

በቤታችን እሳት ከወዴት እንደሚነሣ

1ኛ፤ የጋለ ዘይት። ዘይት በእሳት ላይ ተጥዶ ወጥ ሠሪዋ ለስልክ ወይም ለእንግዳ ዘወር ባለች ጊዜ ዘይቱ ግሎ ግሎ ራሱ ይለኮሳል። በዚህን ጊዜ ውሃ ማፍሰስ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ውሃው ከሚነደው ዘይት በታች ወርዶ በድንገት እንፋሎት ይሆናል፤ አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን 1,700 ሊትር ያህል ስፍራ ስለሚይዝ፥ የሚነደውን ዘይት እስከ ጣራ ይረጨዋል። የሚገባው ሥራ እሳቱን ከሥር አጥፍቶ፥ መጥበሻውን ከስፍራው ሳያነሡ፥ ክዳኑን ከጎን አንሸራትቶ መክደንና እስኪበርድ ድረስ አለመክፈት ነው። የሚነድ መጥበሻ አንሥቶ ወደ ደጅ የሚሮጥ ሰው እሳቱን በገዛ ልብሱ ላይ ያፈሰዋል።

2ኛ፤ ኤሌክትሪክ። የእንጀራ ምጣድ ብዙ ኀይል የሚጠይቅ ዕቃ ነው። ምጣዱን፥ ምድጃውንና የውሃ ማፍያውን በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፥ ለአንድ አህያ የሦስት አህያ ጭነት እንደ መጫን ነው፤ ሽቦው ይግላል፥ ልባሱም ቀልጦ እሳት ይነሣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ካውያውን ሳይነቅሉ ትቶ መውጣት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። መብራቱ ሰው በሌለበት ሲመለስ ካውያው በልብሱ ላይ ይግላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ የተሰካውን መንቀል ይሁን።

3ኛ፤ ከሰልና ላምባ። በክረምት ቤት ለማሞቅ ወይም ቡና ከተፈላ በኋላ ፍሙ ያለበትን ከሰል ማንደጃ ዘግቶ ማደር በእሳት ብቻ ሳይሆን በማይታይና በማይሸት መርዝ ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ይህ አየር የተኛውን ሰው ሳያነቃው ይወስደዋል። ፍም ያለበት ማንደጃ ሰው በሚተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይደር። በላምባ ምድጃም ላይ እየነደደ ሳለ ላምባ መጨመር፥ ይልቁንም በላምባ ፈንታ ቤንዚን ማድረግ ቤትን በፈቃድ እንደ ማቃጠል ይቈጠራል።

4ኛ፤ የሲሊንደር ጋዝ። ይህ ጋዝ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ሲያመልጥ በወለል ላይ ይተኛል። ሽታው የተሰማ እንደ ሆነ መብራት ማብራትም ማጥፋትም አይገባም፤ ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋልና። ሲሊንደሩን መዝጋት፥ በሩንና መስኮቱን መክፈት፥ ሰውን ሁሉ ማውጣት፥ ስልክም ከደጅ ሆኖ መደወል ያሻል። ጋዙ የሚያመልጥበትን ስፍራ ለመፈለግ የሳሙና አረፋ ይቀባል እንጂ ክብሪት አይጫርም።

5ኛ፤ የበዓልና የጸሎት እሳት። በቡሄና በእንቍጣጣሽ ዋዜማ የሚበራው ችቦ፥ በየሰፈሩም የሚለኮሰው ደመራ ከሣር ክዳን፥ ከመኪናና ከኤሌክትሪክ ሽቦ የራቀ ይሁን። ጧፍና ሻማም ከመጋረጃ ርቆ በማይነድ ማስቀመጫ ላይ ይቁም፤ ሰውም ሲተኛ ይጥፋ።

ስለ መሣሪያው ዓይነት

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጆርጅ ዊልያም ማንቢ የተባለ እንግሊዛዊ ሻምበል በመዳብ ዕቃ ውስጥ ማጥፊያ ውሃ ሞልቶ፥ በታመቀ አየር ኀይል እንዲረጭ አድርጎ በእጅ የሚያዝ ማጥፊያ ሠራ። የዛሬዎቹም ዕቃዎች የዚያው የልጅ ልጆች ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ነገር ግን ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ሳይለዩ መግዛት አይገባም።

ውሃ ያለበት ለእንጨት፥ ለጨርቅና ለወረቀት ይሆናል፤ ለዘይትና ለኤሌክትሪክ ግን ጠላት ነው። ደረቅ ዱቄት ያለበት ለብዙ ዓይነት እሳት ስለሚረዳ ለመኖሪያ ቤትና ለመኪና ይመረጣል፤ ነገር ግን ዱቄቱ ክፍሉን እንደ ጉም ስለሚሞላ ዓይንንና እስትንፋስን ያውካል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ያለበት ለኤሌክትሪክ ዕቃ መልካም ነው፤ ቢሆንም እጅግ ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚወጣ የአፉን ቀንድ በባዶ እጅ መያዝ ጣትን ይጎዳል፥ በጠባብና በተዘጋ ክፍልም ሰውን ያፍናል። ለማእድ ቤት ዘይት ደግሞ ለዚሁ ብቻ የተዘጋጀ ፈሳሽ ያለበት ሌላ ዓይነት አለ።

መሣሪያው ከምድጃው በላይ አይሰቀል፤ እሳቱ ሲነሣ እጅ ወደዚያ አይደርስምና። ስፍራው በመውጫው በር አጠገብ ነው። በወር አንድ ጊዜ የመለኪያው መርፌ በአረንጓዴው ላይ መሆኑን፥ ቀለበቱም በስፍራው መኖሩን ማየት፥ በዓመትም በባለሙያ ማስመርመር ይገባል። ጥቂት እንኳ የተረጨበት ዕቃ ኀይሉ ቀስ እያለ ስለሚያመልጥ ዳግመኛ ሳይሞላ ወደ ግድግዳው አይመለስ።

ስለ ልምምዱ

ልምምዱ የሚደረገው በሜዳ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወይም ሌላ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በብረት ትሪ ውስጥ ጥቂት የሚነድ ነገር አድርጎ ይለኩሳል፤ ተማሪዎቹም ነፋሱን ከኋላቸው አድርገው በተራ ይቀርባሉ። ይህን ያለ ዐዋቂ በግቢ ውስጥ መሞከር አደጋን በስሙ መጥራት ስለ ሆነ ማንም አያድርገው። ትምህርቱ በአራት ቃል ይያዛል፤ ንቀል፥ አነጣጥር፥ ጨብጥ፥ ጥረግ።

ንቀል ማለት በመያዣው ላይ የተሰካውን ባለ ቀለበት ብረት ስቦ ማውጣት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የደነገጠ ሰው መያዣውን በኀይል ጨብጦ ቀለበቱን ስለሚስብ ብረቱ ይነከስና አልወጣ ይላል። እጅን ከመያዣው ላላ አድርጎ፥ ቀለበቱን ጥቂት ጠምዝዞ መሳብ ነው ብልሃቱ። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው አይረሳውም፤ በጆሮው ብቻ የሰማው ግን በጭንቅ ሰዓት አያስታውሰውም።

አነጣጥር ማለት የቱቦውን አፍ ወደ እሳቱ ሥር ማቅናት ነው። ዓይን የሚሳበው ወደ ነበልባሉ ስለ ሆነ ያልተማረ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ይረጫል፤ ዱቄቱም በነበልባሉ መካከል አልፎ በከንቱ ይሄዳል። ርቀቱ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይሁን። ከዚያ ቢቀርብ ኀይሉ የሚነደውን ዘይት ይበትነዋል፤ ቢርቅ አይደርስም።

ጨብጥ ማለት የላዩንና የታቹን መያዣ አንድ ላይ መጫን ነው። በዚህን ጊዜ ዕቃው በታላቅ ድምፅ ይተነፍሳል፥ በእጅም ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው በመጀመሪያ ቀን ከድምፁ የተነሣ ደንግጦ ይለቀዋል። ድንጋጤው በሜዳ እንዲያልቅና ለማእድ ቤት እንዳይተርፍ ነው ልምምዱ የሚያስፈልገው።

ጥረግ ማለት ቤት እንደሚጠርግ ሰው ከወዲህ ወዲያ እያመላለሱ የእሳቱን ሥር መጥረግ ነው። ትንሹ ዕቃ በ10 ሴኮንድ አካባቢ ያልቃል፤ 6 ኪሎ የሚይዘውም ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ይህን ያላወቀ ሰው ገና ከሩቅ መርጨት ጀምሮ እሳቱ አጠገብ ሲደርስ ባዶ ብረት ይዞ ይቀራል። እሳቱም ከጠፋ በኋላ ጀርባን መስጠት አይገባም፤ የተዳፈነው ዳግመኛ ሊነሣ ይችላልና ፊትን ወደ እርሱ አድርጎ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነው።

የልምምዱ ወጪ ያሳሰበው የቤት ባለቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ሹም አንድ መልካም መንገድ አለው። መሣሪያው ወደ ሞይ ቤት በሚላክበት ጊዜ በውስጡ ያለው አሮጌ ዱቄት ከሚጣል፥ አስቀድሞ ሠራተኞቹ በተራ ይለማመዱበት። እሳት ማንደድ ያልተቻለ እንደ ሆነም በባዶ ሜዳ በአንድ ድንጋይ ላይ እያነጣጠሩ መርጨት ብቻውን የእጅን ፍርሃት ያስለቅቃል።

ማን ይማር

ከላይ እንደ ተናገርነው ከሁሉ አስቀድሞ መማር ያለባቸው በእሳቱ አጠገብ የሚውሉት ናቸው። በአንዳንድ ቤት መሣሪያው ውድ ስለ ሆነ ሠራተኞች እንዳይነኩት ተብሎ በጌታው ክፍል ይቈለፍበታል። ይህ ጥንቃቄ መስሎ የሚታይ ስንፍና ነው። ወጥ ሠሪዋ ዕቃውን አውርዳ ብትይዘው ክብደቱ የሚያስቸግራት ከሆነ ትንሽ ይገዛላት። ማንበብ የማትችል እንደ ሆነች አራቱ ቃላት በቃል ይነገሯት፥ በእጇም ታሳይ። ዘበኛውም ዋናው የኤሌክትሪክ ማጥፊያ የት እንዳለ፥ የጋዙም ሲሊንደር እንዴት እንደሚዘጋ በጨለማ ሳይቀር ይወቅ። ልጆች ግን የሚማሩት ማጥፋትን ሳይሆን መጮኽንና መውጣትን ነው፤ ሕፃን ሲደነግጥ ከአልጋ ሥር ይደበቃልና ይህን ደጋግሞ መንገር ያሻል።

ከዚህም ጋር ለሠራተኛው ልንነግረው የሚገባ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም ዕቃ ቢጠፋ አትጠየቅም፥ ነፍስህን አድን የሚል ነው። ተግሣጽን ፈርታ እሳቱን ደብቃ ብቻዋን ልታጠፋ የምትታገል ሠራተኛ ራስዋንም ቤቱንም ታጣለች። እሳት እንደ ተነሣ «እሳት!» ብላ ለመጮኽ የማትፈራበት ቤት ግማሹን ጥበቃ አግኝቷል።

መቼ መተው እንደሚገባ

መሣሪያው የተሠራው ለትንሽ እሳት ነው። እሳቱ ከአንድ ቅርጫት የማይበልጥ፥ መውጫውም በር ከጀርባችን ከሆነ፥ ሰዎችም እየወጡ ከሆነ እንሞክር። አንድ ዕቃ አልቆ እሳቱ ካልጠፋ፥ ወይም ጣራውን ከነካ፥ ወይም ጢሱ ክፍሉን ከሞላ፥ መታገል አበቃ፤ በሩን ከኋላችን ዘግተን እንውጣ። የተዘጋ በር እሳቱን አየር ነሥቶ ጊዜ ይገዛል። በጢስ ውስጥ ማለፍ ግድ የሆነበት ሰው ንጹሕ አየር የሚገኘው ወደ ወለሉ ስለ ሆነ በጉልበቱ ይዳህ። ብዙ ሰው የሚሞተው ከነበልባሉ ይልቅ በጢሱ መሆኑ የታወቀ ነው።

ሌባን ስንፈራ በየመስኮቱ ብረት አስገጥመናል፥ በየበሩም ቁልፍ አብዝተናል። ይህ ሌባን ሲከለክል ባለቤቱን ያስራል። ስለዚህ የውስጥ በር ቁልፍ ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ በታወቀ ስፍራ፥ በበሩ አጠገብ ይሰቀል። ልጅን ወይም ሠራተኛን ከውጭ ቈልፎ መሄድ ግን በምንም ምክንያት አይገባም፤ እሳት ቢነሣ የተቈለፈበት ሰው ማምለጫ የለውም። የጢስ ማስታወቂያ ደወል ለመግዛት የሚችል ሰው በመኝታ ክፍሎች አጠገብ ያድርግ፤ ተኝቶ ጢስ የሚሸተው ሰው ጥቂት ነውና።

ከቤት የወጣ ሁሉ አስቀድሞ በተቀጠረ ስፍራ፥ ለምሳሌ በግቢው በር ውጭ፥ ይሰብሰብና ይቈጠር። ለወርቅም ለወረቀትም ማንም ተመልሶ አይግባ። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ በሌላ ከተማ ያለ ሰው የከተማውን ቁጥር ጠይቆ በበሩ ጀርባ ይጻፈው። የሚደውለው ሰው ሰፈሩንና የታወቀ ምልክቱን፥ የሚነደውም ምን እንደ ሆነ ረጋ ብሎ ይናገር፤ መኪናው ቤቱን ፈልጎ እንዳይዘገይ አንድ ሰው በዋናው መንገድ ቆሞ ይጠብቅ።

ልብስ የተቀጣጠለ እንደ ሆነ

ነጠላና ጋቢ ለብሶ በምድጃ ዳር መቆም ለእሳት መሰላል እንደ ማቆም ነው፤ በሥራ ጊዜ ነጠላው ይቀመጥ፥ ወይም በወገብ ይታሰር። ልብሱ የተያዘበት ሰው አይሩጥ፤ ሩጫ ነፋስ ስለሚጨምር እሳቱን ያበረታዋል። ባለበት ቆሞ፥ በመሬት ወድቆ፥ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ይንከባለል። የተቃጠለውንም ገላ ቶሎ በንጹሕና በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፥ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ቅቤ፥ ሊጥ፥ የጥርስ ሳሙና መቀባት ሙቀቱን በውስጥ ያስቀረዋል፥ ቁስሉንም ያሳድፈዋል። በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች፥ ይህን ካነበባችሁ በኋላ ጋዜጣውን አጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። ወደ ግድግዳው ሄዳችሁ የመሣሪያውን መርፌ ተመልከቱ። የውስጡ በር ቁልፍ ዛሬ ማታ የት እንደሚሰቀል ወስኑ። በመጨረሻም ወጥ ሠሪዋን ጠርታችሁ ዕቃውን በእጇ አስይዛችሁ፥ መጥበሻው ላይ እሳት ቢነሣ ምን ታደርጊያለሽ ብላችሁ ጠይቋት። መልሷ «ውሃ አፈስበታለሁ» የሆነ እንደ ሆነ ትምህርቱ ለነገ አይደር።